የኤሊ ደጋፊ

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ውስጥ ዛሬ ጥሎ መሄድ የማይችለው ደጋፊው ብቻ ነው። ተጫዋቹ ይሄዳል። አሰልጣኙ ይሄዳል። አሰልጣኙን የቀጠረው የስፖርት ክፍል ኃላፊም ይሄዳል። ሲብስም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስልሳ ዓመት የኖረበትን ሊግ ትቶ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ሊግ ይገባል። ደጋፊው ግን አምና የገዛውን፣ ጀርባው ላይ የሄደ ልጅ ቁጥር ያለበትን ማሊያ ለብሶ እዚያው ቁጭ ብሎ «ዘንድሮስ እንዴት ነን?» ይላል። «ነን» ይላል እኮ! ከማን ጋር ሆኖ?

እኔ «ነን» የምለው ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኜ ነው። የተማርኩት እዚያው ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ የትምህርት ብድሩን እስካሁን እየከፈልኩ ስለሆነ ዝምድናችን አልተቋረጠም። ቡድኖቻችን በሙሉ፣ ፉትቦሉም ቅርጫት ኳሱም፣ «ቴራፒንስ» ይባላሉ። (ፉትቦል የምለው የአሜሪካኖቹን፣ የራስ ቁር አድርገው የሚላተሙበትን ነው። ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጁ ነው የምቆጥረው።) ቴራፒን በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ረግረግ ውስጥ የሚኖር ኤሊ ነው። በ1932 ይሄን ኤሊ ለምልክትነት ያጩት ያኔ የፉትቦል አሰልጣኝ የነበሩት፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሆኑት ከርሊ በርድ ናቸው። ሌላው ነብር፣ ድብ፣ ንስር ሲመርጥ እኛ ኤሊ መረጥን፤ መፈክራችንም «ኤሊውን ፍሩ» ነው።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ሰሞን ይሄን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ቀዩን ሹራቤን ስታጣጥፍ ሥዕሉን አየችና፣

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ኤሊ ነው እማዬ። የቡድናችን ምልክት ነው።»

«ምነው፣ በዚህ አገር አንበሳ የለም እንዴ?»

«አንበሳውማ የፔን ስቴቶች ነው።»

«ሩቅ ናቸው?»

«ጎረቤት ናቸው። አንወዳቸውም።»

ሹራቡን አጣጥፋ ጨረሰችና አልጋው ላይ አኖረችው። «የአንበሳ አገር ልጅ!» አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለሹራቡ።

ያልነገርኳት ነገር አለ። ፔን ስቴት በፉትቦል ከአርባ ጊዜ በላይ አሸንፎናል። እኛ ያሸነፍነው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1961፣ በ2014 እና በ2020። ከሦስቱ የምወደው የ2014ቱን ነው። ከጨዋታው በፊት ሳንቲም ሊጣል የሁለቱ ቡድን አምበሎች መሐል ሜዳ ተገናኙ፤ ፔን ስቴቶች እጃቸውን ዘረጉ፤ የኛዎቹ አንጨብጥም ብለው ቆሙ። ዳኛው ቀጡን። 20 ለ19 አሸነፍን። አሰልጣኛችንም ስለ ልጆቹ ጠባይ ይቅርታ ጠየቁ። በኛ ወግ የተዘረጋ እጅን መንሳት ከባድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጆቼ እንዲህ ቢያደርጉ እቆጣለሁ። ግን በስንት ዘመን አንዴ ለሚያሸንፍ ሰው ነውሩም ከነድሉ ይጣፍጠዋል።

እማዬን ዩኒቨርሲቲውን ላሳያት ወሰድኳት። ማኬልዲን የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ቴስቱዶ የተባለው የነሐስ ኤሊ ተቀምጧል። ተማሪው ለዕድል እያለ አፍንጫውን ስለሚያሸው ሌላው ገላው ጠቁሮ አፍንጫው ብቻ ያብረቀርቃል። የሄድነው ደግሞ በማጠቃለያ ፈተና ሰሞን ነበር። በዚያ ሰሞን ተማሪዎች ለኤሊው ስለት ያስገባሉ፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ፒዛ ከነካርቶኑ፣ የቡና ኩባያ፣ አሻንጉሊት፣ ሻማ። አንዱማ የካልኩለስ መጽሐፉን አምጥቶ ጀርባው ላይ ጭኖበታል። እማዬ አማተበች። «እኔ ልጄን የላክሁት እዚህ ነው?» አለች። ከዚያ ግራና ቀኝ አየት አድርጋ፣ የሚያውቃት ሰው እንደሌለ አረጋግጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫውን ጠረግ ጠረግ አደረገችው። የእህቴ ልጅ በዚያ ሳምንት የኬሚስትሪ ፈተና ነበረባት።

«አቧራ ነበረበት» ብላኝ መንገዷን ቀጠለች።

ወደ ዜናው ልግባ። ስለ ፉትቦላችን ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፤ የዓመት በዓል ቡድን ነን። እንቁጣጣሽ ሲደርስ የሚያቆመን የለም። በ2021 የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች አሸነፍን። በ2023 አምስቱን። በ2025 እንደገና አራቱን። ከዚያ ደመራ ይለኮሳል፤ እኛም አብረን እንነዳለን። በ2021 መስቀል በወጣ በቀናት ውስጥ አይዋ መጥታ 51 ለ14 ቀጠቀጠችን። በ2023 ኦሃዮ ስቴት 37 ለ17። በ2025 ደግሞ ዋሽንግተንን 20 ለ0 እየመራን 24 ለ20 ተሸነፍንና፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ሳናሸንፍ በአራት ድልና በስምንት ሽንፈት ዓመቱን ዘጋን። አንድ ወዳጄ «የናንተ ሊግ ጳጉሜ ላይ ተጀምሮ መስቀል ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዋንጫ አይጠፋባችሁም ነበር» ይለኛል። ልክ ነው። ለሊጉ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ይጻፍልን።

ይሄን ሁሉ የማየው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ አንድ የሀበሻ ካፌ ተቀምጬ ነው። ቅዳሜ የኛ ጨዋታ ብዙ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ይጀምራል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻው የቅዳሜ ጨዋታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ በፈረንጁ ሰዓት ከቀኑ 12:30 ላይ ነው። ትልቁ ቴሌቪዥን የአርሴናል ነው፤ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ለኔ ከጀበናው በላይ የተሰቀለችው ትንሿ ትለቀቅልኛለች፣ ያውም ድምፅ አልባ ሆና። የካፌው ባለቤት ጋሼ ሒሳብ ሊቀበሉ ሲያልፉ አንዳንዴ ቆም ይላሉ።

«እነዚህ ልጆች በየደቂቃው ተቃቅፈው ምን ይመካከራሉ?»

«ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ ነው ጋሼ።»

«ቤታቸው ሳሉ አልተነጋገሩም?»

«ተነጋግረዋል። ግን በየመሐሉ አርባ ሴኮንድ ይሰጣቸዋል።»

ጋሼ አንዱን እንቅስቃሴ በጥሞና ተመለከቱ። ኳሱ ተነሣ፣ ሰው በሰው ላይ ተከመረ፣ ፊሽካ ተነፋ። «አምስት ሴኮንድ ሥራ፣ አርባ ሴኮንድ ስብሰባ!» አሉ። «እኔ ከቀበሌ ሸሽቼ የመጣሁት ለዚህ ነው?» ብለው ወደ አርሴናላቸው ዞሩ።

ጋሼን ሳላስረዳቸው የቀረሁት የሊጉን ጉዳይ ነው። እኛ በ1953 ኤሲሲን፣ የአትላንቲክ ዳርቻውን ሊግ፣ ከመሠረቱት አንዱ ነን። በ2012 የስፖርት ክፍላችን ገንዘብ አጥሮት ሰባት ቡድኖችን እስከ መዝጋት ደረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ቢግ ቴን እንደምንሄድ ተነገረን፤ በ2014 ገባን። ለመውጫው ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተወሰደብን። የገባንበት ሊግ ስሙ «ትልቁ አሥር» ሆኖ ዛሬ አሥራ ስምንት ቡድኖች አሉት። «ትልቁ አሥራ ሁለት» የሚባለው አሥራ ስድስት አለው። ትተነው የወጣነው የአትላንቲክ ዳርቻ ሊግ ደግሞ ስታንፎርድን ጨምሯል፤ ስታንፎርድ የሚገኘው በሌላኛው ውቅያኖስ በኩል ነው። እነዚህ ሁሉ የሒሳብና የጂኦግራፊ ዲግሪ የሚሰጡ ተቋማት ናቸው። አሥራ ሦስት ወር ካለው አገር ለመጣ ሰው ቁጥሩ ብዙም አያስደንቅም፤ መንገዱ ግን ያስደንቃል። ከ2024 ወዲህ ልጆቻችን ለአንድ የሊግ ጨዋታ ከአትላንቲክ ዳር ተነሥተው ሎስ አንጀለስ ወይም ሲያትል ድረስ ይበርራሉ። የፉትቦሉስ ቡድን በራሱ አውሮፕላን ይሄዳል እንበል። የመረብ ኳስ ተጫዋቿ በማግስቱ ፈተና ያለባት ልጅ ምን አደረገች?

ምክንያቱ ቴሌቪዥን ነው። ቢግ ቴን ከ2023 ጀምሮ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት የተፈራረመው ውል ከሰባት ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያን የሚያህል ገንዘብ አስቀምጦ ለጂኦግራፊ የሚጨነቅ ፕሬዚዳንት እስካሁን አልተሾመም።

ለኔ ትልቁ ኪሳራ ግን ገንዘብም መንገድም አይደለም። ዱክን ማጣታችን ነው። ዱክ በሰሜን ካሮላይና ያለ፣ ሀብታምና በቅርጫት ኳስ የታፈረ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በኤሲሲ ሳለን በየዓመቱ እንጫወተው ነበር። በ2001 በአገሪቱ ውድድር ለግማሽ ፍጻሜ ደርሰን በ22 ነጥብ ስንመራው ቆይተን፣ እዚያው ጨዋታ ላይ ተመልሶ አሸነፈን። በማግስቱ ዓመት በጋሪ ዊሊያምስ አሰልጣኝነት፣ ከባልቲሞር በበቀለው በዋን ዲክሰን መሪነት ኢንዲያናን 64 ለ52 አሸንፈን ዋንጫውን አነሣን። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ዋንጫውን ነው። እኔ የማስታውሰው ዱክ ያን ቀን እቤቱ ተቀምጦ ማየቱን ነው። የሴቶቹም ቡድን በ2006 ሻምፒዮን የሆነው ራሱን ዱክን በተጨማሪ ሰዓት 78 ለ75 ረትቶ ነው፤ ከዚህ የጣፈጠ ነገር በሕይወቴ አልቀመስኩም። አሁን በምትኩ ሚኒሶታን ጥሉ ይሉናል። ሚኒሶታ ምን አደረገችን? ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ አገሩ ይበርዳል፣ አዝነንላቸው እንመለሳለን። ወዳጅ በአንድ ምሽት ይገኛል፤ ጠላት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ከዱክ ጋር የተፋለምንበት አሮጌው አዳራሽ፣ ኮል ፊልድ ሃውስ፣ ዛሬ የፉትቦል ቡድኑ መለማመጃ ሆኗል። በ1966 አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን አሰልፎ የገባው ቴክሳስ ዌስተርን፣ ነጮች ብቻ የነበሩበትን ኬንታኪን 72 ለ65 አሸንፎ ዋንጫ የወሰደው በዚያ ወለል ላይ ነው። የዚያ ዓይነት ታሪክ ያለበትን ቤት በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ለሚሸነፍ ቡድን መስጠት ምን ይባላል? ገንዘቡ ያለው ፉትቦል ጋ ነው፤ ቤቱም ገንዘቡን ተከትሎ ሄደ።

ገንዘብ ካነሣን ዘንድ ስለ ማባረሪያ ክፍያ ሳልናገር አላልፍም። በ2023 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጂምቦ ፊሸር የተባሉትን የፉትቦል አሰልጣኝ ሲያሰናብት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍላቸው ግድ ሆነበት። እንዲያሠለጥኑ አይደለም፤ እንዳያሠለጥኑ። በኛ አገር ከሥራ የተሰናበተ ሰው የሥራ ልምድ ማስረጃ ለማውጣት ሦስት ቢሮ ይመላለሳል፤ ማኅተም ያዡ ለስብሰባ ወጥቷል ይባላል። ካፌ ውስጥ ይሄን የነገርኩት አንድ የታክሲ ሾፌር መሪ እንደጨበጠ ሰው ሁለት እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቆየና «እኔን ቢያሠለጥኑኝ በግማሹ እሸነፍላቸው ነበር» አለ።

አሁን ወደ ቅርጫት ኳሱ። መጋቢት 2025 ላይ ለብዙ ዘመን ያላየነው ቡድን ነበረን። የሜሪላንድ ሰው ሸርጣን በቅመም መብላት ስለሚወድ አምስቱን ቋሚዎች «ክራብ ፋይቭ» እያልን እንጠራቸው ነበር። በአገሪቱ ውድድር ሁለተኛ ዙር ሲያትል ላይ ከኮሎራዶ ስቴት ጋር ገጠምን። ዕለቱ እሑድ ማታ ነው፤ አርሴናል አይጫወትም፤ ትልቁ ቴሌቪዥን በመጨረሻ የኔ ሆነ። ሴኮንዶች ሲቀሩ ኮሎራዶዎች ባለ ሦስት ነጥብ አግብተው 71 ለ70 መሩ። ካፌው ፀጥ አለ። ጋሼ እንኳ ስኒ ማጠብ አቆሙ። ኳሱ ለዴሪክ ኩዊን ተሰጠ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ የባልቲሞር ልጅ። በግራ በኩል ገፍቶ ሄደ፣ ተከላካዩን በትከሻው ይዞ ወደ ጎን እየወደቀ ወረወራት፤ ቦርዱን መታ፣ ሰዓቱ ጮኸ፣ ገባች። 72 ለ71!

እኔ ወንበር ላይ ነኝ። አጠገቤ ያለው ሰው፣ ድሮ አዲስ አበባ ለክለብ ተጫውቻለሁ የሚለው፣ አልተነሣም።

«ተራምዷል» አለ።

«ምን?»

«ኳሱን ይዞ ተራምዷል። ዳኛው ሰረቀላችሁ።»

ቡናውን በእጁ እንደያዘ ተነሥቶ በወለሉ ጡብ ላይ ማሳየት ጀመረ። «ይቺን ያዘ። አንድ። ሁለት። ይሄን ተመልከት፣ ሦስት…» ሲል ስኒው ተንሸራተተና ቡናው የአንዲት ሴት ነጭ ነጠላ ላይ ፈሰሰ። ክርክሩ በዚያው ወደ ነጠላው ዞረ። የኔ አቋም እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ እንዲህ ባለ ሰዓት ኳሱን ትቶ እግር የሚቆጥር ሰው ቡድን የለውም። ኩዊን ራሱ እንዴት ደፈርክ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የባልቲሞር ልጅ ስለሆንኩ ነው ብሎ በአጭሩ ዘጋው።

በሚቀጥለው ዙር ፍሎሪዳ 87 ለ71 አሰናበተን። ፍሎሪዳ ዋንጫውን የወሰደው ቡድን መሆኑን ላስታውስ። የተሸነፍነው በሻምፒዮን ነው፤ ይሄ በደጋፊ ሒሳብ የግማሽ ድል ያህል ይታሰባል።

ደስታው ግን ከጅምሩም ተሸራርፎ ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሲል አሰልጣኙ ኬቨን ዊላርድ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ክስ አሰምተው ነበር። ለተጫዋቾች የሚመደበው ገንዘብ አያወዳድረንም አሉ፤ ገና ሲቃረብ ኒውዮርክ ላይ ከቡድኔ ጋር አንድ ሌሊት ላሳድር ብዬ ውድ ነው ተባልኩ አሉ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊም በዚያው ሰሞን ወደ ዳላስ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ፍሎሪዳ ባሸነፈን በሦስተኛው ቀን ዊላርድም ወደ ቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ መሄዳቸው ተሰማ። ስለዚህ ነገር ካፌው ለሁለት ተከፍሏል። ወጣቶቹ ከዳተኛ ይሏቸዋል። ጋሼ ግን ለሰውየው አዘኑ። «አንድ ሌሊት የሆቴል ተከልክሎ?» አሉ። «ዘመድ ቤት እንኳ አልነበራቸውም?»

ከዚያ አምስቱ ተበተኑ። ኩዊን ወደ ኤንቢኤ ገባ፤ በአሥራ ሦስተኛ ደረጃ ተመረጠ። ሁለቱ የኮሌጅ ጊዜያቸው አለቀ። አንዱ ወደ ቴኔሲ ተዛወረ። ሮድኒ ራይስ፣ የገዛ ክልላችን ልጅ፣ ሎስ አንጀለስ ወዳለው ዩኤስሲ ሄደ፤ ዩኤስሲ ደግሞ በአዲሱ ጂኦግራፊ የሊግ ባልደረባችን ነው። ልጁን በባለጋራ ማሊያ ለማየት ራሱ ሊጋችን መድረክ አዘጋጅቶልናል። አዲሱ አሰልጣኝ በዝ ዊሊያምስ የመጡት ከዚያው ላለማሠልጠን 75 ሚሊዮን ከሚከፈልበት ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ነው፤ ሲደርሱ አዳራሹ አለ፣ ኤሊው አለ፣ ከአምስቱ አንድም የለም።

ይሄ ሁሉ ዝውውር የሚሆነው በፖርታል ነው። ፖርታል ከ2018 ጀምሮ ያለ መዝገብ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ስሙን ያስገባና «መሄዴ ነው፤ የሚፈልገኝ ካለ» ይላል። ድሮ የተዛወረ ልጅ አንድ ዓመት ሳይጫወት ተቀምጦ ይቀጣ ነበር። በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚዛወር ቅጣቱ ተነሣ፤ በ2024 ጨርሶ ቀረ። ገንዘቡም እንዲሁ። በ2021 ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፍል ተፈቀደለት።

«ገንዘብ ገብቶ ጨዋታውን አበላሸው» የሚሉ ሰዎች በየካፌው ሞልተዋል። እኔ አልስማማም። ገንዘቡማ ድሮም ነበር፤ ልጆቹ ጋ አልደርስ ብሎ እንጂ። አሰልጣኙ ሚሊዮን እየበላ፣ ቴሌቪዥኑ ቢሊዮን እየከፈለ፣ ጉልበቱ የሚሰበረው ልጅ «አንተ ለትምህርት ፍቅር ተጫወት» ይባል ነበር። አሰልጣኙ በሦስተኛው ቀን መሄድ ከቻለ ልጁስ ለምን አይሄድም? ኤንጀል ሪስ የባልቲሞር ልጅ ነች፤ ሁለት ዓመት ለኛ ተጫውታ በ2022 ወደ ሉዊዚያናው ዩኒቨርሲቲ ኤልኤስዩ ተዛወረች፤ በማግስቱ ዓመት ዋንጫ አነሣች። ምን ልበላት? አነባሁ፣ መረቅኋት። ወንድሟ ጁሊያን ከአምስቱ ሸርጣኖች አንዱ ነበር፤ እሱ አራት ዓመቱን ከኛ ጋር ጨርሶ ሄደ። ከአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ሰው ይወጣል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ልክ ያልሆነው የኔ ሹራብ ብዛት ነው።

እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ ዕውቀት የሚገኝ ትርፍ የለም። ይሄን ያስተማሩኝ የነጠላዋ ባለቤት እትዬ ናቸው። በየመጋቢቱ ካፌው ውስጥ 68ቱን ቡድኖች የያዘ ወረቀት ይታደላል፤ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ እስከ ፍጻሜው ሞልቶ፣ ትንሽ ብር አስይዞ ነው። እትዬ ቅርጫት ኳስ አይተው አያውቁም። የሚሞሉት በቅዱሳን ነው። ቅዱስ ዮሐንስ፣ ቅድስት ማርያም፣ ካለ እሳቸው ጋ ያልፋል። በ2022 ከጀርዚ ሲቲ የመጣው ትንሹ የቅዱስ ጴጥሮስ ዩኒቨርሲቲ በኬንታኪ ላይ ሲወጣ ስታቲስቲክስ ያገላበጠው ሁሉ ኬንታኪን ጻፈ። እትዬ ቅዱስ ጴጥሮስን ጻፉ። ኬንታኪ ወደቀች። ቀጥሎ መሪ ስቴት ወደቀ። ፐርዱ ወደቀ። በአሥራ አምስተኛ ደረጃ የተመደበ ቡድን እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ሲደርስ ያ የመጀመሪያው ነው። «ቁልፉ እሱ ጋ አይደል?» አሉ እትዬ፣ ብሩን እየቆጠሩ። እሳቸው ከዚህ ስፖርት በስሟ የሚያውቋት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ በ2018 ሎዮላ ቺካጎን እስከ መጨረሻዎቹ አራት በጸሎቷ የሸኘችው መነኩሲት ሲስተር ጂን። በ2025 በ106 ዓመቷ ስታርፍ እትዬ ጧፍ አበሩላት።

ባለፈው ማታ ስልኬ ጠራ። ለስፖርተኞች የሚሆን መዋጮ የምትሰበስብ ተማሪ ነች። ትኬት ገዝቼ፣ መኪና ማቆሚያ ከፍዬ፣ ጨዋታው ለሚታይባቸው ሦስት ዓይነት የቴሌቪዥን አገልግሎቶች በየወሩ እየገበርኩ፣ አሁን ደግሞ የተጫዋቹን ደሞዝ አዋጣ ልባል ነው። ዕጣው የማይደርስህ ዕቁብ ማለት ይሄ ነው። ይሄን በትሕትና እያስረዳኋት ሳለ ስሜን ከወረቀቷ አነበበችና ድምፅዋ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ሀበሻ ነህ እንዴ? ነዎት እንዴ?»

«ነኝ። አንቺስ?»

«እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት፣ ግን አማርኛ እሰማለሁ። ጋሼ፣ ትንሽ ነገር ብቻ ስጥ… ይስጡ።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ንገሪኝና» አልኳት። «ብሰጥ የቅርጫት ኳሱ ቡድን አቀባይ የሚመጣው ዓመት ይቆያል?»

ዝም አለች። «ጋሼ፣ አልዋሽህም። እኔ ራሴ እንኳ በጥር ልዛወር ነው።»

«የት?»

«ዱክ።»

ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ አየሁት።

«የተሻለ ስኮላርሺፕ ሰጡኝ እኮ» አለች ቶሎ ብላ። «እማዬም ደስ ብሏታል።»

ለእማዬ ምን ይባላል? ሃያ አምስት ዶላር አስመዘገብኩ። የካርዴን ቁጥር ነግሬያት ስጨርስ፣ «ሂጂ፣ ይቅናሽ፣ ተማሪ» አልኳት። «ማሊያቸውን ግን እንዳትለብሺ።»

«ገዝቻለሁ እኮ ጋሼ» አለችኝ።